ጋቱ የማን ነው?
ስለ ቻይና የመርፌ ሕክምናና ስለ ነጥቦቹ አፈላለግ

ክንድ የማን ክንድ እንደ ሆነ ካልታወቀ መለኪያነቱ ይቀራል። ጨርቅ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን፥ በሐይቅ ገበያም ሆነ በአምባሰል፥ ገዢው ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ቢመጣ አይፈረድበትም፤ ሻጩም እጀ አጭሩን ልጁን ለካልኝ ቢለው እንደዚሁ። ስንዝርና ጋትም ያው ናቸው። ሜትር ያስፈለገው ይህን ዓይነቱን ክርክር ለመዝጋት ነው፤ የሜትሩ ብረት የማንም እጅ ስላልሆነ ለሁሉም እኩል ነው።

ዛሬ የምናቀርበው ግን ሜትር የማይረዳበትን፥ ጋትና ጣት ግን ዋና ዳኞች የሆኑበትን አንድ ጥበብ ነው። ይኸውም አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ነው። ቻይናዊው ሐኪም መርፌውን ከመትከሉ አስቀድሞ ነጥቡን መፈለግ አለበት፤ ነጥቡንም የሚፈልገው በራሱ ጣት ሳይሆን በበሽተኛው ጣት መጠን ለክቶ ነው። የገበያው ክርክር በዚህ ተፈታ ማለት ነው፤ ክንዱ የገዢውም የሻጩም አይደለም፥ የልብሱ ለባሽ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታይ ጥቂት ታሪክ እናስታውስ። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፑብሊክ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 1964 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ድረስ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። ጥቂት ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1974 የመጀመሪያው የቻይና የሐኪሞች ቡድን ወደ አገራችን ገባ። ከዚያ ወዲህ ከሔናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ ቡድኖች እየተተካኩ ሲመጡ ኖረዋል። በአቃቂ ቃሊቲ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራውና የሯጯን የጥሩነሽ ዲባባን ስም ከቤጂንግ ጋር አጣምሮ የያዘው ሆስፒታል እነዚህ ሐኪሞች ከሠሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በዚያም መርፌው ከመድኃኒቱና ከቀዶ ጥገናው ጎን ለጎን ተሠርቶበታል። ስለዚህ ወገቡን ይዞ ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው፥ መርፌ የያዘ ቻይናዊ ቢገጥመው እንግዳ ነገር አይሁንበት።

የቻይና ሊቃውንት እንዳስተማሩት፥ በሰው ሰውነት ውስጥ ቺ የሚባል የሕይወት እስትንፋስ በተወሰኑ መሥመሮች ይመላለሳል። ፈረንጆች እነዚህን መሥመሮች ሜሪዲያን ብለው ሲሰይሟቸው ቃሉን የተዋሱት ከጂኦግራፊ ነው፤ በእኛ አነጋገር ኬንትሮስ እንደ ማለት ነው። ዋናዎቹ መሥመሮች 12 ሲሆኑ በቀኝና በግራ በኩል ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ በፊት፥ ሌላው በጀርባ፥ በሰውነት መካከል የሚያልፉ ሁለት መሥመሮች ሲጨመሩ 14 ይሆናሉ። በእነዚህም ላይ 361 ነጥቦች ተቈጥረዋል።

ተማሪው አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቢያውቅ ይሻላል። ሬሳ ከፍቶ የመረመረ ሐኪም እንዲህ ያለ መሥመር አግኝቶ አያውቅም፤ ደም ሥርም አይደለም፥ ነርቭም አይደለም። ይሁን እንጂ በአምባሰል ተራራ ላይ ኬንትሮስ ተሰምሮ ያየ ሰው የለም፤ ካርታ የያዘ ግን ስፍራውን ያገኝበታል። የቻይናውን መሥመር አሁን በዚህ ዓይን ብንመለከተው ይበቃናል፤ ካርታው እውነተኛ መንገድ ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

የነጥቦቹ ስም ራሱ የአገር ካርታ ይመስላል። ከውጭ በኩል ካለው ቁርጭምጭሚት ጀርባ ያለችው ነጥብ ኩንሉን ትባላለች፤ ኩንሉን በቻይና የታወቀ ተራራ ነው። ክርን ሲታጠፍ በሚታየው ጭረት ጫፍ ላይ ያለችው ቹቺ ናት፥ ጠማማ ኩሬ ማለት ነው። በውስጥ እግር ላይ ዮንግቿን አለች፥ የሚፈልቅ ምንጭ ማለት ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ሔጉ ደግሞ የሸለቆዎች መገናኛ ናት። በርም፥ ጉድጓድም፥ ባሕርም አለ። አገሩን በውኃው ስም ሐይቅ ብሎ የጠራ ሕዝብ ይህን አሰያየም ለመረዳት የሚቸገር አይመስለንም።

ወደ አፈላለጉ እንግባ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚመለከተው ተፈጥሮ ራሷ ያኖረቻቸውን ምልክቶች ነው፤ የአጥንት ጉብታ፥ የጅማት ጎድጓዳ፥ የቆዳ ጭረት፥ እምብርት፥ የጥፍር ማዕዘን። ነጥቡ ከነዚህ ባንዱ ላይ ከዋለ መለካት አያስፈልግም። ምልክት በሌለበት ስፍራ ግን ጹን የሚባለው መለኪያ ይመጣል። ጹንን ብዙ መጻሕፍት ኢንች እያሉ ይተረጕሙታል፤ ይህ ትርጕም ያሳስታል። ኢንች በሁሉም ሰው ላይ አንድ ነው፤ ጹን ግን በየሰዉ ይለያያል።

ለምሳሌ ከክርን እጥፋት እስከ እጅ አንጓ ያለው ርዝመት፥ ሰውየው ቁመተ ረጅምም ይሁን ድንክ፥ 12 ጹን ነው። ከጉልበት እጥፋት እስከ ውጭው ቁርጭምጭሚት 16 ጹን ነው። ከእምብርት እስከ ብሽሽት አጥንት የላይኛው ጫፍ 5 ጹን ነው። ርዝመቱ አስቀድሞ በእኩል ተከፍሏል፤ ሐኪሙ ክፍሉን ብቻ ይቈጥራል።

ይህ አሠራር ለሐይቅ ሰው አዲስ ሊሆንበት አይገባም። ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ባስተማረበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፥ ተሰብስበዋልም። የብራና ቁም ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ በእኩል ርቀት ይወጋል፤ ከዚያም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መሥመር ያወጣል። ፊደሉ የሚቆመው በዚያ መሥመር ላይ ነው። ትልቅ ብራና ሲሆን ክፍተቱ ሰፋ፥ ትንሽ ሲሆን ጠበብ ይላል፤ ገጹ የሚከፈለው ግን በራሱ መጠን ነው። ቻይናዊው ሐኪም የበሽተኛውን ክንድ የሚያየው ጸሐፊው ብራናውን በሚያይበት ዓይን ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም። ልዩነቱ፥ የጸሐፊው ወስፌ ቀዳዳ መተዉ፥ የሐኪሙ መርፌ ግን የጸጉር ያህል ቀጭን ስለ ሆነ ምልክት አለመተዉ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የጣት መለኪያ ነው። የበሽተኛው አውራ ጣት፥ አንጓው ዘንድ፥ አንድ ጹን ነው። ሌባ ጣትና መካከለኛው ጣት ሲገጠሙ አንድ ተኩል ጹን ነው። አራቱ ጣቶች፥ ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት፥ ተገጥመው ሲጋደሙ 3 ጹን ናቸው። አራት ጣት ሲጋደም እኛ ምን እንለዋለን? ጋት እንለዋለን! አንድ ጋት ሦስት ጹን ነው፥ ጋቱ የበሽተኛው እስከ ሆነ ድረስ።

አንባቢው አሁን በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሆኖ ሊሞክረው ይችላል። ጉልበቱን ይጠፍ። ከጉልበቱ ሎሚ በታች፥ በውጭ በኩል፥ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ያገኛል። ከዚያ ጎድጓዳ ጀምሮ አንድ ጋት ወደ ታች ይለካ፤ ከቅልጥሙ አጥንት ስለት ደግሞ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ወደ ውጭ ይራቅ። እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ቢያነሣ ሥጋው በጣቱ ሥር ያብጣል። አሁን ጠበቅ አድርጎ ይጫን። ከሌላው ስፍራ ለየት ያለ፥ ደነዝ ያለ ሕመም የተሰማው ሰው ዙሳንሊን አገኘ ማለት ነው። ስሟ የእግር ሦስት ሊ ማለት ሲሆን፥ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የቻይና የመንገድ መለኪያ ነው። ደክሞት የተቀመጠ መንገደኛ ይህችን ነጥብ ቢያሳክም ሦስት ሊ ይጨምራል ይባልላታል። ከቢሮ ወደ ቤቱ በእግሩ የሚመለስ ወጣት ሹም እውነትነቱን በራሱ ይፈትን።

አሁን ደግሞ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ይጨብጥ፤ እጁንም ከአንጓው ጥቂት ይጠፍ። በአንጓው ላይ ሁለት ጅማቶች ተነሥተው ይታያሉ። ኔይጓን፥ ማለትም የውስጥ በር፥ የምትገኘው በሁለቱ ጅማቶች መካከል፥ ከአንጓው ጭረት 2 ጹን ወደ ክርን ከፍ ብሎ ነው። ከክርን እስከ አንጓ 24 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሰው አንዱ ጹን 2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ያው ርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ሕፃን ግን ነጥቡ የሚውለው 2 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ላይ ነው። ሐኪሙ በራሱ አውራ ጣት ሕፃኑን ቢለካ አንድ ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይስታል። በሕፃን ክንድ ላይ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ልኬቱ ግን ወደ ስፍራው ያደርሳል እንጂ ሥራውን አይጨርስም። የመሰንቆ ተጫዋች ነገሩን ያውቀዋል። በመሰንቆው ጭራ ላይ የዜማ ምልክት አልተቀረጸም፤ አምባሰል የሚባለውን ቅኝት የሚጫወት ሰው ጣቱን በልምድ ወደ ስፍራው ይወስድና ቀሪውን ለጆሮው ይተዋል፤ ጥቂት ከፍ፥ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያገኘዋል። ሐኪሙም እንደዚሁ ከለካ በኋላ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል። ጎድጓዳ፥ ጠጠር ያለ ሥጋ፥ ወይም ሲጫኑት ሕመምተኛውን ብድግ የሚያደርግ ስፍራ ሲያገኝ ነው መርፌውን የሚያነሣው። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ሐኪም ሱን ሲሚያኦ፥ በማንኛውም መሥመር ላይ ያልተጻፈ ቢሆን እንኳ፥ ሲጫኑት በሽተኛው «ኧረ እሱ ነው!» የሚልበት ስፍራ ሁሉ ነጥብ እንደ ሆነ አስተምሯል። ቻይናውያን እነዚህን ነጥቦች አሺ ይሏቸዋል፥ «አዎን፥ ይኸው!» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ወጌሻ ማስታወስ ግድ ነው። ወጌሻ ካርታ የለውም፥ መጽሐፍም አልጻፈም፤ ግን ቅቤ ተቀብቶ በተቀመጠው እግር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ «እዚህ ነው? እዚህስ?» ሲል፥ በሽተኛውም «ኧረ ወጌሻ፥ እዚያው ላይ!» ብሎ ሲጮኽ፥ አሺ ማለት ይኸው ነው። ዋግምትም አለ። ዋጋሚው በማጅራት ወይም በጀርባ ላይ ቀንዱን ደፍቶ አየሩን በአፉ ይስብና ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል፤ ከዚያም ቆዳውን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ደሙን ያወጣል። በመላው ደጋ አገራችን የታወቀ ነው፤ በእስላሙም ወገን ሒጃማ በሚል ስም የሚሠራ ነው። ቻይናውያንም ኩባያ የመድፋት ሕክምና አላቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ዋጋሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወዳመመው ስፍራ ነው፤ ቻይናዊው ግን ለጥርስ ሕመም እጅን፥ ለሆድ ሕመም ከጉልበት በታች ያለውን ስፍራ ሊወጋ ይችላል፤ መሥመሩ ከዚያ ወደዚህ ያልፋል ብሎ ስለሚያምን።

እንዲህ በጣት የሚታወቅ ነገር እንዴት በፈተና ይጠየቃል? ቻይናውያን ለዚህ የፈለሰፉት ዘዴ ለተማሪ ጨዋታ የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1026 ዋንግ ዌይዪ የሚባል የቤተ መንግሥት ሐኪም፥ በንጉሠ ነገሥት ሬንጾንግ ትእዛዝ፥ መጽሐፎች እርስ በርሳቸው የተጣሉበትን የነጥብ አቀማመጥ አስተካክሎ ጻፈ። በሚከተለው ዓመት ደግሞ በሰው ቁመት ልክ ሁለት የነሐስ ምስሎች አሠራ፤ በነጥቦቹም ስፍራ ቀዳዳ ተበጀላቸው። በፈተናው ቀን፥ እንደሚነገረው፥ ምስሉ በሰም ተለብጦ ቀዳዳው ሁሉ ይሰወራል፥ ሆዱም ውኃ ይሞላል። ተማሪው የነጥብ ስም ይነገረውና መርፌውን ይወጋል። ውኃ ከፈሰሰ አለፈ፤ መርፌው ነሐሱን ከነካ ወደቀ። አስተማሪው ቂም ይዞብኛል ብሎ የሚያመካኝበት ቀዳዳ አልተተወለትም።

ነሐሱ ክርክሩን ለዘለዓለም አልዘጋውም። በቻይና፥ በጃፓንና በኮሪያ ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ተለያዩ። በመጨረሻም የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓስፊክ ጽሕፈት ቤት የሦስቱን አገር ሊቃውንት ሰብስቦ ካወያየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 የ361ዱን ነጥቦች አቀማመጥ በመጽሐፍ አወጣ። ስድስቱ ላይ ግን ሊስማሙ ስላልቻሉ ሁለት ሁለት ስፍራ ተጻፈላቸው። ከነዚህም አንዷ በመዳፍ ላይ ያለችው ላኦጎንግ ናት፤ አንዱ ወገን ከሌባ ጣትና ከመካከለኛው ጣት በሚወርዱት አጥንቶች መካከል ናት ሲል፥ ሌላው ከመካከለኛው ጣትና ከቀለበት ጣት በሚወርዱት መካከል ናት ይላል።

በገዛ አገሩም ይህ ጥበብ ሁልጊዜ አልተከበረም። እ.ኤ.አ. በ1822 የቺንግ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ የሕክምና ተቋም አስወጥቶት ነበር፤ መልሶ ያነሣው በ1950ዎቹ የማኦ መንግሥት ነው። ምዕራባውያንን ያነቃቸው ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ ነው። የኒው ዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ጥገና ወጣለት። ቀዶ ጥገናው የተለመደው የዘመናዊ ሕክምና ነበረ፤ በማግስቱ ሆዱ በነፋ ጊዜ ግን ሐኪሙ በቀኝ ክርኑና ከጉልበቶቹ በታች መርፌ ተከለለት። ሬስተን ይህን በጋዜጣው ላይ ሲጽፈው አሜሪካ በሙሉ ስለ መርፌ ማውራት ጀመረች።

እንግዲህ ወደ ኋላ ወዳቈየነው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሁሉ መለካትና መዳሰስ ለውጥ ያመጣል ወይ? በጀርመን አገር 1,162 የወገብ ሕመምተኞች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ በቻይና ሥርዓት በትክክለኛው ነጥብ ተወጉ። ሁለተኞቹ ነጥብ ባልሆነ ስፍራ ላይ ላይ ላዩን ተወጉ፥ ግን ይህ አልተነገራቸውም። ሦስተኞቹ የተለመደውን መድኃኒትና የሰውነት እንቅስቃሴ ታዘዘላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ውጤት መሠረት፥ ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 47.6 ተሽሏቸው ተገኙ፤ ከሁለተኞቹ 44.2፤ ከሦስተኞቹ 27.4 ብቻ።

ይህን ቁጥር ተማሪው ደጋግሞ ቢያየው ይበጃል፤ ለሁለቱም ወገን መራራ ነውና። መርፌን የሚንቀው ሰው፥ የተወጉት ሰዎች መድኃኒት ከወሰዱት በብዙ ተሽሏቸው ያገኛቸዋል። የነሐሱን ምስል የሚያከብረው ደግሞ፥ ትክክለኛው ነጥብና የስሕተቱ ነጥብ ከሞላ ጎደል እኩል ሆነው ያገኛቸዋል። በኛ አስተያየት ይህ ምርመራ፥ ቢያንስ ለወገብ ሕመም፥ ካርታው የሚለውን ያህል ትክክል እንዳልሆነ ያሳያል፤ ተኝቶ መታከሙ፥ የሐኪሙ እጅና ጊዜ፥ የበሽተኛውም ተስፋ ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። ኔይጓን ግን እንዲህ በቀላሉ አትጣልም። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ትቀንሳለች ወይ ተብሎ ብዙ ጊዜ ተመርምራለች፤ ምርመራዎቹ ተሰብስበው ሲመዘኑ የምትረዳ መስላ ታይታለች፥ ምንም እንኳ ማስረጃው ጠንካራ ባይባል።

ነጥቡ ለመፈወስ አያስፈልግም ቢባል እንኳ፥ ላለመጉዳት ግን ያስፈልጋል። በደረትና በላይኛው ጀርባ ሳንባ ከቆዳው ሩቅ አይደለም፤ ከልክ በላይ የገባ መርፌ ሳንባውን ወግቶ አየር ወደ ደረት እንዲገባ ያደረገባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። ሁለተኛው አደጋ ከብረቱ ራሱ ነው። መርፌው ለአንድ ሰው አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል መሆን አለበት፤ የዋግምቱም ምላጭ እንደዚሁ፤ አለዚያ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ከደም ወደ ደም ይሻገራሉ። በሐይቅ ዙሪያ ዋግምት የሚያደርግ ሰው ቢኖር አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ይዞ እንዲሄድ መንገር የወጣቱ የጤና ሹም ሥራ ነው፤ ዋጋሚውም ቢሆን ቅር የሚለው አይመስለንም፥ ምላጩ የሚጠፋው ከበሽተኛው ኪስ ነውና።

ሳንባን በሚመለከት በጣም የሚፈሩት ነጥብ በትከሻ ላይ ያለችውን ጂያንጂንግን፥ የትከሻ ጉድጓድን ነው። በአንገት አጥንት ጉብታና በትከሻ ጫፍ መካከል፥ በእኩሌታው ላይ ትገኛለች፤ ሸክም የሚበዛበት ሰው ሁሉ ሲጫኑት የሚያመው ስፍራ ነው። ጠንቃቃው ሐኪም እዚህ ላይ መርፌውን ወደ ታች ቀጥ አድርጎ አይሰድም፤ የትከሻውን ሥጋ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያነሣና ባነሣው ሥጋ ውስጥ ብቻ ይወጋል። ቀጥ አድርጎ የሚወጋም ቢሆን መጻሕፍቱ የሚፈቅዱለት ግማሽ ጹን ያህል፥ ቢበዛ ከአንድ ጹን ያነሰ ነው፤ ለቀጭን ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ጥልቀቱ የሚለካው በዚያው በበሽተኛው ጣት ነው።